በራችሁን የሚያንኳኳ የለም

ይህ ጽሑፍ ለአንድ ሴሚስተር ወደ አውሮፓ ለሚሄዱ የልውውጥ ተማሪዎች በተዘጋጀ ሽኝት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል የተናገርኩትን ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ።

ስለ ቪዛና ስለ ትኬት ከጠዋት ጀምሮ ሲነገራችሁ ውሏል። እኔ ወደዚያ አልመለስም። የምናገረው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ስላሉት ወራት ነው። በ2016 ዓ.ም. በኢራስመስ ፕላስ ልውውጥ ጀርመን አገር፣ ዬና በምትባል ከተማ አንድ ሴሚስተር ተምሬአለሁ። ከመካከላችሁ ጀርመን የምትሄዱ አላችሁ፤ ፖላንድና ጣሊያን የደረሳችሁም አላችሁ። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ለምትሄዱበት አገር የሚሆነውን እናንተ ትመርጣላችሁ።

በማሞቂያው ልጀምር።

የደረስኩት መስከረም 20፣ እሑድ ቀን ነው። ዶርሙ ሎበዳ በሚባል ሰፈር፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ከተሠሩት ረጃጅም የኮንክሪት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነበር። እዚህ በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን፣ አልጋ በአልጋ ላይ ተደራርበን ነው የኖርነው። እዚያ ክፍሉ የብቻዬ ነው፤ ኪችኑና መታጠቢያው ከሦስት ልጆች ጋር የጋራ። ንጹሕ ነው፣ ጠረጴዛው ሰፊ ነው፣ በመስኮቱ ኮረብታ ይታያል። ግን ይበርዳል። ማታ ማታ በጋቢዬ ላይ ካፖርት ደርቤ እተኛ ነበር። ከመስኮቱ ሥር ያለው ነጭ ብረት ማሞቂያ መሆኑን አውቄአለሁ፤ ስነካው ግን ቀዝቃዛ ነው። «ወቅቱ ገና ስለሆነ አልከፈቱት ይሆናል» ብዬ ተውኩት። ዘጠኝ ሌሊት እንደዚያ አደርኩ።

በዐሥረኛው ቀን ሻይ ሳፈላ ከጎኔ ያለውን ክፍል የያዘውን ልጅ «ማሞቂያው መቼ ነው የሚከፈተው?» አልኩት። አብሮኝ ክፍሌ ገባ። ከብረቱ ጎን ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተጻፈባት ማዞሪያ አለች፤ 3 ላይ አደረጋት። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ ሞቀ። «ኪችን ውስጥ ካፖርት ለብሰሽ አይቼሽ ነበር» አለኝ። «ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?» አልኩት። «በግል ጉዳይሽ መግባት ይሆንብኛል ብዬ ነው» አለ።

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ በኋላ ከማንም በላይ የቀረብኩት እሱን ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት ግን ሰው ፊታችሁን ያይና «ምነው? ምን ሆነሃል?» ይላል። «ምንም» ትላላችሁ። ይደግማል። በሦስተኛው ትናገራላችሁ። ማዕድ ላይም «በቃኝ» ስትሉ «በሞቴ» ይባልና ትጎርሳላችሁ። ችግራችንን የምናወጣው ደጋግመው ሲጠይቁን ነው፤ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ዓይን አውጣ ይመስለናል። ይሉኝታ ነው። እዚያ ደግሞ እርዳታ ያልጠየቀን ሰው መርዳት ድፍረት ሊሆን ይችላል፤ ሰውን ማክበር ማለት በራሱ ጉዳይ መተው ነው። ሁለቱም አክብሮት ነው። ሲገናኙ ግን አንዱ ካልጠየቁት አይናገርም፣ ሌላው ካልነገሩት አይጠይቅም፤ በመካከል ዘጠኝ ሌሊት በብርድ ያልፋል።

ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመንገር ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የወረቀት ናቸው። ጀርመን ውስጥ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። ለዚህ አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የምዝገባው ወረቀት ከሌላችሁ የባንክ ሒሳብ መክፈት ይቸግራል፤ ሒሳብ ከሌለ የስኮላርሺፑ ገንዘብ የሚገባበት የለም፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ይህንኑ ወረቀት ይጠይቃል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ወር ሊሞላ ስለሚችል፣ የኪራይ ማስያዣውን ጨምራችሁ የመጀመሪያውን ወር በምን እንደምትኖሩ ከወዲሁ አስቡበት።

ስማችሁንም አስቡበት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ቅጹ ግን ይጠይቃል፤ ስለዚህ የአባታችሁ ስም እዚያ ይገባል። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ የአባቴ ስም «ወይዘሮ» ከሚል ማዕረግ ጋር ሦስት ጊዜ ተጠራ። አባቴ አገር ቤት ነው፤ ወይዘሮም አይደለም። እኔን መሆኑ የገባኝ ተራዬ ካለፈ በኋላ ነው። በሁሉም ሰነድ ላይ ስማችሁ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተልና ፊደል መጻፉን አረጋግጡ። ቀኑም እንዲሁ። ከዚህ የምትወስዱት ደብዳቤ ላይ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ከተጻፈና «ዓ.ም.» የሚለውን የሚረዳ ከሌለ፣ አምና የተጻፈው ወረቀት በነሱ ዓይን ስምንት ዓመት ያረጀ ነው።

ሰዓት ደግሞ አለ። በሁለተኛው ሳምንት የዶርሙ ልጆች እራት ጠሩኝ፤ «ሃልብ አኽት» አሉኝ። ቃል በቃል «ግማሽ ስምንት» ማለት ነው። ስምንት ተኩል መሰለኝ፤ ወደኛ አዞርኩትና «ሁለት ሰዓት ተኩል» ብዬ ያዝኩ። እነሱ ግን ግማሽ ስምንት የሚሉት 7፡30ን ነው፤ ወደ ስምንት ግማሽ መንገድ ሄዷል ለማለት። በኛ አንድ ሰዓት ተኩል። አንድ ሰዓት ሙሉ አሳልፌ ደረስኩ፤ ምግቡ ቀዝቅዟል፣ እነሱም በልተዋል። ማንም ምንም አላለኝም፤ አለማለታቸው ነው የከበደኝ። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ ስይዝ በቁጥር ጽፌ አሳያለሁ። ትምህርት ቤት ሌላ ሥርዓት አለ፦ ፕሮግራሙ ላይ ከሰዓቱ ጎን ሲ.ቴ. የሚሉ ሁለት ፊደላት ካሉ ትምህርቱ የሚጀምረው ከተጻፈው ሰዓት ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ነው፤ ኤስ.ቴ. ከሆነ በሰዓቱ ነው።

እሑድ ሱቅ ዝግ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ሕጉ የቆየ ነው። ከዬና ብዙም በማትርቀው ቫይማር እ.ኤ.አ. በ1919 በጸደቀው ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለ እሑድ ዕረፍት የተጻፈው አንቀጽ በዛሬው ሕገ መንግሥታቸውም እንዳለ ጸንቷል። የመጀመሪያው ቀን ምሳዬም እራቴም እናቴ የቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎ ነበር። ዳቦ ቆሎ ያዙ።

የፕላስቲክ ጠርሙስ አትጣሉ፤ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ስትመልሱት 25 ሳንቲም ይመልስላችኋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ አይሰማም። የጽዳት ተራ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ተራችሁን አትለፉ። ለአስቸኳይ ሕመም 112፣ ሌሊት ወይም እሑድ አስቸኳይ ላልሆነው 116117 ይደወላል። ይህን በስልካችሁ መዝግቡት።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ።

የዬና ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1558 ነው፤ በኛ አፄ ገላውዴዎስ ዙፋን ላይ ሳሉ። እኔ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ እዚህ የመጀመሪያ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ በጎኑ «ካርል ዛይስ፣ ዬና» የተጻፈበት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነበረን። ካርል ዛይስ እ.ኤ.አ. በ1846 የመጀመሪያ ሥራ ቤቱን የከፈተባት ከተማ ያቺ ናት። ሴል የሚባል ነገር መጀመሪያ ያየሁት በዚያ መነጽር ስለ ነበር፣ ከባቡር ወርጄ የከተማዋን ስም ጣቢያው ላይ ሳነብ ልቤ ደነገጠ፤ የማውቃት መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሌክቸር ሲያልቅ ተማሪው ሁሉ ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ መደብደብ ጀመረ። ተቃውሞ መስሎኝ አስተማሪውን አየሁ፤ ፈገግ ብለዋል። እዚያ ጭብጨባው ያ ነው። እጃቸው የሚያንኳኳው ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ በራችሁን አይደለም። ይህ በዚያው ቀን ትዝ ያለኝ ነገር ነው።

ሌክቸሩ አላስቸገረኝም፤ ቁጭ ብሎ መስማት እናውቅበታለን። ያስቸገረኝ ሴሚናሩ ነው። ዐሥራ አምስት ተማሪ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ አንድ የምርምር ጽሑፍ ይነበባል፣ ሁሉም ይናገራል። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለፕሮፌሰሩ «በዚህ አልስማማም» ስትል ወንበሬ ላይ ተሸማቀቅኩ። እሳቸው ግን «ቀጥይ» አሏት። አምስት ሳምንት አንድ ቃል ሳልናገር ወጣሁ። የማላውቀው ሲጠየቅ ዝም፤ የማውቀውም ሲጠየቅ ዝም። በኛ ክፍል ዝምታ ጨዋነት ነው፣ እዚያ ግን ማንም እንደ ጨዋነት አይቆጥረውም፤ አላነበበችም ይባላል።

በስድስተኛው ሳምንት ፕሮፌሰሩ ተማሪ በሚቀበሉበት ሰዓት ስሜን አስመዝግቤ ሄድኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጽሑፎቹ ላይ ያሉት የስታቲስቲክስ ዘዴዎች እኛ ያልተማርናቸው ናቸው፤ ስለማልገባኝ ነው ዝም የምለው» አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ። ወረቀት አውጥተው ሠላሳ ደቂቃ ያህል አስረዱኝ፤ ለአገሬው ተማሪዎች የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት እንዳለና እኔም መግባት እንደምችል ነገሩኝ። ትምህርቱ ከጥቅምት ጀምሮ ሲሰጥ ነበር፤ ማስታወቂያውም ተለጥፎ ነበር። ስወጣ «ስላልጠየቅሽ የማያስፈልግሽ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። የማሞቂያው ልጅ ያለኝም ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆናችሁ ይጠቅማችኋል። ጀርመንኛ እንደኛ «አንተ»ና «እርስዎ»ን ይለያል፤ «ዱ» እና «ዚ» ይላሉ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁት የልውውጥ ተማሪዎች በዚህ ሲሳሳቱ እናንተ ለማን የትኛው እንደሚገባ በደማችሁ ታውቁታላችሁ። አክብራችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ማክበርና ዝም ማለት አንድ የሆኑት በልማድ ነው።

ውጤት። በኛ 4.0 የሰቃይ ውጤት ነው። እዚያ 1.0 ከፍተኛው፣ 4.0 ለማለፍ የመጨረሻው፣ 5.0 መውደቅ ነው። ይህን ከመሄዴ በፊት አንብቤዋለሁ፤ ማንበብና ማመን ግን ይለያያል። ለመጀመሪያው የሴሚናር ሥራዬ 2.3 ተሰጠኝ። «ጥሩ» ከሚባለው ክፍል ነው፤ ለእኔ ግን ከዩኒቨርሲቲ ሊያስወጣኝ ጥቂት የቀረው ጂፒኤ ሆኖ ታየኝና ማታ አለቀስኩ። ስትመለሱ ሬጅስትራር ውጤታችሁን ወደኛ ሲቀይር ይህንኑ ግራ መጋባት እንዳይደግመው፣ የውጤት መለኪያውን የሚያስረዳ ወረቀት ከዩኒቨርሲቲው አስጽፋችሁ ያዙ፤ የየኮርሱንም ዝርዝር ይዘት ከወዲያ ሳላችሁ ሰብስቡ።

ለኮርስ መመዝገብና ለፈተና መመዝገብ ሁለት ነገር ናቸው፤ የፈተናው ምዝገባ የራሱ ቀነ ገደብ አለው። አብራኝ የተማረች የሌላ አገር ልጅ ሴሚስተሩን ሙሉ ተምራ፣ ሳትመዘገብ ቀርታ አንድ ኮርስ አመለጣት። ክሬዲትም አታብዙ። የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ጭነት 30 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ የተሰላ ነው። እኔ ስድስት ኮርስ ይዤ ገባሁ፤ የምንወስዳቸው ኮርሶች የተዘረዘሩበትን የመማሪያ ስምምነት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሻሻል እንደሚቻል ሳውቅ አንዱን ተውኩት። አልቆጨኝም።

ጥቅምት 18 እሑድ ለሊት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱ። እስከዚያ ቀን ከአዲስ አበባ ጋር የነበረን ልዩነት አንድ ሰዓት ነበር፤ ሁለት ሆነ። ከእናቴ ጋር የምንደዋወልበት ሰዓት ተናጋ። ከዚያ ጨለማው መጣ። የኛ የሰዓት አቆጣጠር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በዐሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ለምትወጣበት አገር የተበጀ ነው። እዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ዐሥር ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳትቆይ ትገባለች። ያውም ከወጣች። ስነቃ ጨለማ፣ ከላብራቶሪ ስወጣ ጨለማ። መተኛት አበዛሁ። ከዚያ አንድ ሳምንት ክፍል ቀረሁ። እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ድምፄን ሰምታ ትጠራጠራለች፤ እኔም ኔትዎርኩ ነው እላለሁ።

የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅቱ ነፃ የሥነ ልቦና ምክር ይሰጣል፤ የነገራችሁት ከእነሱ አይወጣም። ሄጃለሁ። እዚህ ፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ከመካከላችሁ ቢያንስ አንዳችሁ ስለሚያስፈልጋችሁ ነው። ያነጋገረችኝ ሴት ብርሃን ባለበት ሰዓት በየቀኑ ውጪ እንድራመድ፣ ከመኝታዬ በአንድ የተወሰነ ሰዓት እንድነሣ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰው ጋር ምሳ እንድበላ አስያዘችኝ። ዛለ በሚባለው ወንዝ ዳር ስራመድ ከረምኩ። በሁለት ሳምንት አልዳንኩም፤ ግን ክፍል ተመለስኩ። ለእናቴም እውነቱን ነገርኳት። አልተደናገጠችም፤ «እኔማ አውቄዋለሁ» ነው ያለችኝ።

ምሳውን የምበላው ሜንዛ በሚሉት የተማሪዎች ምግብ ቤት ነው። ጾመ ነቢያት ሲገባ «ምን ልበላ ነው?» ብዬ ተጨንቄ ነበር። ለካስ ምግብ ዝርዝሩ ላይ «ቪጋን» የሚለው ምልክት የኛ የጾም ምግብ ነው፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል አለ። «ቬጌታሪሽ» የሚለው ግን ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ተጠንቀቁ። ሙስሊም ወንድምና እህቶቼም፣ ሥጋው ምን እንደሆነ ከዝርዝሩ ላይ ይጻፋል፤ ካልገባችሁ ማንኪያ የያዘችውን ሴት ጠይቋት።

የነሱ ገና ሲደርስ ዶርሙ ባዶ ሆነ። ሁሉም ወደየቤተሰቡ ሄደ፤ በዚያ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ከእግሬ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ስለዚህ ለራሳችን ገና አስቀድሜ ተዘጋጀሁ። የዚያ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 እሑድ ላይ ነበር የዋለው፤ እሑድ ሱቅ እንደማይከፈት አሁን አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ዶሮውንም ሽንኩርቱንም ገዝቼ ስከትፍ ዋልኩ። በርበሬው ከቤት የመጣ ነው። እንጀራ አልነበረኝም። እሑድ ቀን ሦስቱንም በር አንኳኳሁ፤ የላይኛው ፎቅ ላይ ያሉትንም ሁለት ሕንዳውያን ጠራሁ። የፈተና ጥናት ላይ ነበሩ፤ ግን ሁሉም መጡ። ወጡን በነሱ ጥቁር ዳቦ በላነው፤ ዳቦው ኮምጠጥ ስለሚል ከዶሮ ወጥ ጋር ሲሄድ ገርሞኛል። ለማሞቂያው ልጅ አጎረስኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩትም። ከዚያ ቀን በኋላ በሬ ይንኳኳ ጀመር፤ ጨው ለመበደር፣ ወንዝ ዳር አብሮ ለመራመድ፣ አንዳንዴም ለምንም ሳይሆን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የማነሣው ስለምወደው ነው።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ በተማሪ ቲኬቴ ባቡር ተሳፍሬ፣ ቫይማርንና ኤርፉርትን አልፌ ጎታ ወደምትባል ከተማ ሄድኩ። እዚያ ፍሪደንሽታይን የሚባል ትልቅ ግንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1652፣ ግንቡ ገና እየተሠራ ሳለ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ እዚያ ተጋብዘው ከርመዋል፤ አባ ጎርጎርዮስ፣ የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው። የጋበዟቸው የጎታው መስፍን ኤርንስት ናቸው፤ ያገናኛቸው ደግሞ የኤርፉርቱ ተወላጅ፣ የቋንቋ ሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ተምሯል እንጂ ከሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም ነበር። በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸውና መጠየቅ ጀመረ። ስለ ቋንቋው ጠየቀ፣ ስለ ነገሥታቱ ጠየቀ፣ ስለ አገሩ ጠየቀ፤ ጎታም ድረስ አስጠርቶ ጠየቀ። እሳቸውም መለሱለት። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 መርከብ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ። ሉዶልፍ ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1698፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ።

ግቢው ውስጥ ቆሜ እሳቸው ብርዱን እንዴት እንደቻሉት አሰብኩ። ከአገራቸው ሰው አንድም በሌለበት፣ በተውሶ ቋንቋ፣ ቀን ከሌት ሲጠየቁ። ትኬት የምትሸጠውን ሴት ስለ እሳቸው ጠየቅኳት፤ የምታውቀውን ነገረችኝና ስማቸውን እኛ እንዴት እንደምንጠራው ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግማ አለችው፤ በሦስተኛው «ጎርጎርዮስ» በትክክል ወጣላት።

እናንተንም ይጠይቋችኋል። ስለ ፊደላችን፣ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን፣ ስለ ጦርነቱም ይጠይቃሉ። የምታውቁትን መልሱ፤ ያላወቃችሁትን ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ ስለ አገሬ ብዙ ነገር የተማርኩት ዬና ላይ ሆኜ አባቴን በስልክ እየጠየቅኩ ነው።

ሲመለሱ የሚደረገው አጭር ነው፦ ከማዘጋጃ ቤቱ ምዝገባ መሰረዝ፣ የባንክ ሒሳብ መዝጋት፣ ክፍሉን አጽድቶ አስረክቦ ማስያዣውን መቀበል። ማሞቂያውን ዝቅ አድርጌ ነው የወጣሁት።

ሰዓት አለን። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ መልሳ አውርዳለች፤ አይቼሻለሁ። ከአንቺ እንጀምር።